አይነሳም የተባለ ቤት

ቤት ሻጩ ሰውዬ ቄጤማ ጎዝጉዘው ነው የጠበቁን። በዓል አልነበረም። ማክሰኞ ነበር፣ ያውም የሁዳዴ ጾም ማክሰኞ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ግድም። ከግቢው በር እስከ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ እስከ ጓሮው ክፍል ድረስ እርጥብ ቄጤማ ተነስንሶ ስናይ እህቴ "ውይ! እንዴት ደስ ይላል!" ብላ ደረቷን ያዘች። ደላላው ጥርሱን አስቀድሞ "ጋሽዬ እኮ የድሮ ሰው ናቸው፤ እንግዳ ማክበር ያውቁበታል" አለ። በየበዓሉ ዋዜማ ቄጤማ እሸጣለሁ፤ ማን መቼ እንደሚገዛ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በጾም ማክሰኞ ቤት ሙሉ ቄጤማ የሚጎዘጉዝ ሰው የሚሸፍነው ነገር አለው።

ችግኝ ነጋዴ ነኝ። ከመስቀል ፍላወር ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲወረድ መንገድ ዳር በጥቁር ላስቲክ የተደረደረ ችግኝ ታያላችሁ፤ ከመሀሉ ጃንጥላ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከደንበኛ ጋር የምትጨቃጨቀው እኔ ነኝ። ጽጌረዳ እሸጣለሁ፣ ጽድ እሸጣለሁ፣ ለሆቴሎቹና ለካፌዎቹ ደግሞ ቀርከሃ። ቀርከሃ ገበያው ጥሩ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ አጥር ይሸፍናል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ለምወደው ደንበኛ "በርሜል ውስጥ ትከለው፣ መሬት እንዳታስነካው" እለዋለሁ። ለማልወደው አልልም። ቀርከሃ መሬት ካገኘ ስሩ ከታች ከታች ይሄዳል፤ አጥር አይል፣ መሠረት አይል፣ ሲሚንቶ አይል። ድምፁን አጥፍቶ ይከርምና ክረምት ሲገባ ደስ ባለው ቦታ ብቅ ይላል። ከላይ ብትቆርጡት ምንም አይመስለው። እህቴ ያን ቀን ይዛኝ የሄደችው ለዚሁ ነበር፤ "እታለም፣ አንቺ ተክል ታውቂያለሽ፣ ግቢውን እይልኝ" ብላ።

ቤቱ ቂርቆስ ነው። ያረጀ የጭቃ ቤት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ከኋላ አንዲት ጠባብ ጓሮ፣ ከጎኑ ሰርቪስ። ደላላው የሚያሞካሸው ግን በአንድ ቃል ብቻ ነበር፦ "ማዘር፣ ይሄ ቤት አይነሳም። በቃ፣ አይነሳም!" ዛሬ በዚህ ከተማ መሀል ቤት የሚገዛ ሰው ሌላ ጥያቄ የለውም። ይነሳል ወይስ አይነሳም? ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ ግድግዳው ዘሟል ወይ፣ ጓሮው ውስጥ ምን በቅሏል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ደላላው ራሱ ይስቅበታል። አንፈርድበትም። እኔና እህቴ የተወለድንበት የካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ከነሰፈሩ ተነስቶ፣ ዛሬ በዚያ ሳልፍ በራችን በየት በኩል እንደነበር ይጠፋኛል። ስለዚህ እህቴ ክፍለ ከተማ ተመላልሳ፣ ካርታውን አስመርምራ፣ የሚያውቅ ሰው በሰው ጠይቃ "አይነሳም" የሚለውን ቃል ባገኘች ቀን በስልክ አልቅሳልኛለች። ከላይ የሚመጣውን ሁሉ አጣርታለች። ከታች የሚመጣውን ለእኔ ተወችው።

በእኔና በእሷ መካከል የነበረው ነገር ግን ስለ እማዬ ነው። እማዬ የኖረችው ከእኔ ጋር ነው። እህቴ አግብታ ወጣች፣ ቢሮ ገባች፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አደረገች። እኔ አላገባሁም፤ እማዬን ያዝኩ። ማን ምን ተወ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም፣ ግን በሆዴ "እማዬ የእኔ ናት" ብዬ ነው የኖርኩት። ሰፈራችን ሲነሳ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም። እማዬን ያን ቀን ሁለት የሰፈር ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አወጧት፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደችም።

እኔ ደግሞ ሥራዬን ትቼ ከእሷ ጋር አልቀመጥ! ጠዋት በጨለማ ወጥቼ በሁለት ታክሲ ችግኜ ጋ እደርሳለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። ምሳዋን በሳህን ከድኜ፣ ውሃዋን አጠገቧ አኑሬ፣ በሩን ከውጭ እቆልፈዋለሁ። ምን ላድርግ? አንዴ ሳልቆልፍ ብሄድ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ መውጣትም መውረድም አቅቷት አገኟት። ከዚያ ወዲያ ቆለፍኩ።

እህቴ አንድ ቅዳሜ ብርቱካን ይዛ ሳትነግረኝ መጣች። በሩ ተቆልፏል። እማዬ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ በበሩ ቀዳዳ ሲያወሩ ዋሉ። እኔ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗ ደም መስሏል። ጎረቤት በሩን ከፍቶ እያዳመጠ ጮኸችብኝ።

"እናቴን እስረኛ አደረግሻት! በግ እንኳን እንዲህ አይታሰርም!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አልኳት።

"ይስማ! ቤት ልገዛ ነው፣ ሰምተሻል? መሬት ትረግጣለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከሰው ጋ ታወራለች። እወስዳታለሁ!"

የከፋው ነገር እውነቷን መሆኑ ነው። ውሸቷን ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ተባብለን በሦስተኛው ቀን እንታረቅ ነበር። እውነቷን ስለነበር ቂም ያዝኩባት። ደሜ ፈልቶ ያን ሳምንት እህል አልበላልሽ አለኝ። ደረጃ ስወጣ ጎረቤቶቼ ሰላምታቸው ሁሉ የተለየ መሰለኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለችዋ ሴትዮ፣ የራሷን እናት ገጠር ጥላ የመጣችዋ፣ "ማዘርስ ደህና ናቸው?" ስትለኝ ጥርሷን ባወልቀው ደስ ባለኝ። እህቴ ደግሞ በሳምንቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ደውላ "ግቢውን እይልኝ" አለችኝ። ሄድኩ።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ባለቤቱ ሱፍ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤቱ የእናንተ ነው" እያሉ ተቀበሉን። እህቴና ባሏ ከደላላው ጋር ሳሎን ውስጥ ኮርኒሱን ሲያዩ እኔ ብቻዬን ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከኋላ አጥሩ ስር፣ ርዝመቱን ሙሉ፣ አዲስ ገረጋንቲ ተደፍቷል፤ ቀይ፣ ገና ያልተረገጠ። በላዩ ላይ የአበባ ማሰሮዎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። አንዱንም ሰው አላጠጣውም፤ አበባዎቹ ደርቀዋል። ለአበባው ብሎ ያስቀመጠ ሰው ያጠጣዋል። አንዱን ማሰሮ በእግሬ ገፋ አድርጌ ገረጋንቲውን ጫር ጫር ባደርገው በመጋዝ ከመሬት እኩል የተቆረጠ ግንድ አገኘሁ። አጠገቡ ሌላ። ከዚያም ሌላ። አውራ ጣቴን ሰደድ አድርጌ ነካሁት፤ እርጥብ ነው፣ ሕይወት አለው። የቀርከሃ ጫካ ነበር እዚያ። ባለቤቱ ከኋላቸው ፎቅ ሲሠራባቸው እንዳይታዩ ብለው ሳይተክሉት አልቀሩም።

ወደ ቤት ገባሁና የጓሮውን ክፍል አየሁ። መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል። እህቴ ቤቱን ገና በስልክ ስታወራኝ "ያቺ ክፍል የእማዬ ናት" ብላኝ ነበር። ቄጤማው እዚያ ውስጥ ከሌላው ይልቅ ወፍራም ነው። ከአልጋው ቦታ ወዲህ እግሬ ስር አንድ ነገር ቆረቆረኝ። በጫማዬ አፍንጫ ቄጤማውን ገለጥ አደረግኩት። ሊሾው በአራት በኩል ተሰንጥቋል፤ ከመሀሉ ቡናማ ቀንበጥ ወጥቶ በመዶሻ ተቀጥቅጧል። ቀና ስል ባለቤቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ማየቴን አዩ። ኮፍያቸውን በእጃቸው አሽከረከሩት። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብተነፍስ እዚያው ተንበርክከው የሚለምኑኝ ይመስለኛል።

"እታለም!" አለች እህቴ ከሳሎን። "የት ገባሽ? ምን ትያለሽ?"

ከባሏና ከደላላው ጋር ተከታትለው መጡ። ባሏ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ስቴኪኒውን ከአፉ አውጥቶ በጣም ትኩር ብሎ አየኝ። እሱ ጎተራ አንድ ኮንዶሚኒየም አይቶ ነበር፣ ልቡ እዚያ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። እህቴ ዓይኗ ይንቀለቀላል።

ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ መቼም መዋሸቱን ያኔ ጨርሼዋለሁ። "ትግዛው" ነበር ያልኩት በልቤ። ትግዛው! እማዬን ትውሰድ፣ ደረጃ ላይ የጮኸችብኝን ያህል እዚህ ትጩህ። አንድ ክረምት ብቻ። ወለሉ ሲፈነዳባት፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅባት፣ እማዬን አቅፋ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች ትወጣና "እታለም፣ ይቅር በይኝ፣ አንቺው ያዣት" ትለኛለች። እኔም ትንሽ አስለምኜ እቀበላታለሁ። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የታየኝ፤ ጣፈጠኝም።

ቄጤማውን በእግሬ መልሼ አለበስኩት።

"ጥሩ ግቢ ነው" አልኩ። "አፈሩ ጥሩ ነው። ግዢው።"

ባሏ ስቴኪኒውን መልሶ ጎረሰና "እንግዲህ እሷ ካለች" አለ። ባለቤቱ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "እግዚአብሔር ያክብርሽ ልጄ" አሉኝ። እጃቸው ይቀዘቅዛል። ከሁሉም ሰው ይልቅ እኔና እሳቸው ያን ቀን በደንብ ተዋወቅን።

ውሉ ሲፈረም ከምስክሮቹ አንዷ እኔ ነኝ። ጸሐፊው ማንም እንደማይሰማው እያወቀ በፍጥነት ሲያነብ፣ ቤቱ "በላዩ ከሚገኘው ቋሚ ተክል ጋር" መሸጡን ሲል ሳሌን ዋጥኩት። ቀጥሎ ደግሞ "በዚህ ቤት ላይ መብት አለኝ የሚል ተቃዋሚ ቢነሳ እኔ ሻጭ ተከራክሬ መልስ እሰጣለሁ" ሲል ሳቄ ሊያመልጠኝ ደረሰ። ከንፈሬን ነከስኩ። ባለቤቱ ወለል ወለሉን ያያሉ። ተቃዋሚው ከሊሾው ስር ተኝቶ ሰኔን እየጠበቀ ነው፤ እኔም እንደሱው። ፈረምኩ።

እማዬን የወሰዷት ከፋሲካ በኋላ ነው። ደረጃውን እንደገና በወንበር ወረደች። ታክሲው ውስጥ ገብታ በመስኮቱ እጇን ሰደደችና "አንቺስ?" አለችኝ።

"እኔ ምን እሆናለሁ? ሂጂ፤ ቤት የገዛች ልጅ አለችሽ" አልኳት።

ነገሩ ገብቷታል። እጇን መልሳ ሰበሰበች። እንዲህ ነው የሸኘኋት። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ በለመደ እጄ በሩን ከውጭ ቆልፌ፣ ቁልፉን ሁለቴ ከሳብኩ በኋላ ነው ውስጥ ማንም እንደሌለ ትዝ ያለኝ።

አዲሱ ቤት ለችግኝ መሸጫዬ ቅርብ ስለሆነ በየቀኑ ምሳ ሰዓት እሄድ ነበር። እማዬ ቤቱ ክፉ ሆነባት ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ፤ ግን አልሆነባትም። ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘርግታ አገኛታለሁ። ፊቷ ወዝ አወጣ። ጎረቤቶቿ ሁለት አሮጊቶች እየመጡ ሲያሙላት፣ ስታማላቸው ይውላሉ። አንድ ቀን ዱላዋን ይዛ ብቻዋን እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች፤ እህቴ ስታጨበጭብላት ቆሜ አየሁ። እኔ ጋ ሳለች የአራት ግድግዳ ሴት ነበረች። ይህን ማየት ልቤን ያራራዋል ብላችሁ ከሆነ፣ የለም፣ የባሰ አከረረው። እየተሳሳቁ ሲሸኙኝ በጓሮው በኩል ዞሬ ገረጋንቲውን በእግሬ ጫር አድርጌ አያለሁ። "ሰኔ ይግባ ብቻ" እላለሁ።

ሰኔ ገባ፤ ሐምሌም ተከተለ። እህቴ ደወለች።

"እታለም፣ እማዬ ክፍል ምንጣፉ ስር የሆነ ነገር አለ። ወደ ላይ አብጧል። አይጥ ይሆን እንዴ?"

"አይጥ ይሆናል" አልኳት። ስልኩን ስዘጋ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በአራተኛው ቀን እያለቀሰች ደወለች። ሄድኩ። ምንጣፉን ገልጣዋለች፤ ሊሾው እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነስቶ አራት የቀርከሃ ቀንበጥ ወጥቷል፤ አንደኛው ክንዴን ያክላል። ጓሮውም ያው ነው፤ ቀርከሃው ማሰሮዎቹን ግራና ቀኝ ጥሏቸዋል። ባሏ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል።

"ያኔ አልነበረም፣ አይደል?" አለችኝ እህቴ። "አንቺ አይተሻል፤ ያኔ አልነበረም አይደል?"

"ቢኖር አልነግርሽም ነበር?" አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ነው ያልኳት።

እህቴ ውሉን ይዛ ሰው ጋ ሮጠች። "ተቃዋሚ ቢነሳ ይላል እኮ! ይኸው ተነሳ!" ብላ ስትከራከር የሕግ ባለሙያ የተባለው ሰው ሳቁን መቆጣጠር እንዳቃተው ራሷ ነገረችኝ። "ተቃዋሚ ማለት ሰው ነው እህቴ" አላት። ሻጩ ስልካቸውን አይመልሱም። ደላላው አንዴ አንስቶ "እኔ አይነሳም ያልኩት ቤቱን ነው እንጂ ሳሩን ነው እንዴ?" ብሏት ዘጋው። ያን ስታወራልኝ እኔም አብሬያት ሰደብኩት። ከልቤ ነው የሰደብኩት፤ ይሄ ነው የሚገርመኝ።

ምን እናድርግ አሉኝ። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ ወለሉን ሙሉ አፍርሶ፣ እስከ ጭን ድረስ ቆፍሮ፣ ስሩን አንድ በአንድ ለቅሞ ማውጣት ነው። አልነገርኳቸውም። "ቁረጡት፣ ላዩ ላይ ጨው አድርጉበት፣ ምንጣፉን መልሱ። ይደርቃል" አልኳቸው። አይደርቅም። በየሳምንቱ ይቆርጣሉ፣ በየሳምንቱ ሌላ ይወጣል። እህቴ ከሳች፤ ቢሮ ላይ አለቃዋ ተቆጣት፤ ከባሏም ጋር መነጋገር ቀንሰዋል። እኔ ምሳ ሰዓት እየሄድኩ ማበረታቻ እሰጣለሁ። "አይዞሽ" እላታለሁ። እማዬን ለብቻዋ ሳገኛት ግን "ልብስሽን ሰብስቢ፣ በቅርቡ ወደ ቤታችን ነን" እላታለሁ። እማዬ መልስ አትሰጠኝም። አንዴ ብቻ "እዚያ እንኳ አልመለስም ልጄ፤ ፎቁ ያፍነኛል" አለችኝ። ያፍነኛል አለችኝ! ቻው እንኳ ሳልላት ወጣሁ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ጾሙ ላይ፣ ጠዋት ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ልትጸልይ ከአልጋዋ ወርዳ ነበር። ማታ ያልነበረ ቀንበጥ ምንጣፉን ከታች አንስቶታል። እግሯን ያዛት፤ በጎኗ ወደቀች።

ሐኪም ቤት ስደርስ እህቴ ኮሪደሩ ላይ በነጠላ ጫማ፣ በአንዱ እግሯ የባሏን በሌላው የራሷን ተጫምታ ቆማለች። የተሰበረው የእማዬ ዳሌ ነው አሉ። ዕድሜዋና ልቧ ለቀዶ ጥገና አይፈቅዱም አሉ። ዶክተሩ ገና ልጅ ነው፣ ደግ ፊት አለው፤ እንዴት እንደሚናገረው ጨንቆት ወረቀቱን ያገላብጣል። "ማዘር ከእንግዲህ ብዙም አይነሱም" አለን በመጨረሻ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። እህቴ አቅፋኝ "አይዞሽ እታለም፣ አይዞሽ" አለችኝ። እሷ እኔን።

ወዴት ትወሰድ ተብሎ አልተጠየቀም፤ የማይጠየቅ ነገር ነው። ወደ ቂርቆሱ ቤት ተመለሰች። እህቴና ባሏ የራሳቸውን መኝታ ክፍል ለቀቁላት፤ በመንገዱ በኩል ነው፣ ስሩ ገና አልደረሰበትም። እነሱ ሳሎን ፍራሽ ዘርግተው ይተኛሉ። ባሏ ከሥራ ቦታው አንድ ሰው መከረውና የጓሮውን ክፍል ሊሾ በዲጂኖ አፈረሰው፤ ቅዳሜና እሁድ ሸሚዙን አውልቆ እስከ ጭኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስር ይለቅማል። እኔ ሐምሌ ላይ ልነግረው እችል የነበረውን ሥራ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጀመረው። አንድም ቀን ለምን አልነገርሽንም አላለኝም፤ እኔም እንደማላውቅ ሆኜ ውሃ አቀብለው ነበር።

እህቴ ያልሠራችው ሥራ የለም። ታገላብጣታለች፣ ታጥባታለች፣ ጀርባዋን ቅባት ትቀባታለች። ከቢሮዋ ፈቃድ ወሰደች። ያ ባለ ተረከዝ ጫማዋ አልጋው ስር አቧራ ጠጥቷል። እኔ ሃያ ዓመት ያዝኳት ብዬ የምኩራራባትን እናቴን እሷ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዴት እንደያዘቻት ሳይ ዓይኔን ወደ መሬት እሰብራለሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዲስ ዓመት ገብቷል፣ ክረምቱም ወጥቷል። እማዬ ትንሽ ነቃ ብላለች። እህቴ የእማዬን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ጥፍሯን ትቆርጣለች፤ እኔ ከአልጋው ማዶ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ባሏ ጓሮ ይቆፍራል፤ የዲጂኖው ድምፅ ይሰማናል።

"ታውቂያለሽ እታለም" አለች ቀና ሳትል፣ "እሱ እኮ ይሄን ቤት አልወደደውም ነበር። የጎተራው ይሻላል፣ እናትሽም የለመደችው ከእህትሽ ጋ ነው፣ አትለያያቸው ይለኝ ነበር።"

የእማዬን ጋቢ ጫፍ ይዤ ወደ ደረቷ ሳብኩላት።

"እኔም በዚያ ደረጃ ላይ ከጮህኩብሽ በኋላ ጸጽቶኛል። ማለቴ፣ ብቻሽን ምን ታደርጊ ነበር? ስለዚህ ተስማማን። እታለም ግቢውን ትየውና ካልወደደችው እንተወዋለን፤ ጎተራን እንይዛለን፣ እማዬም አንቺው ጋ ትቆያለች፣ ቀን ቀን አብራት የምትውል ሰው እኛ እንቀጥራለን አልን። አንቺ ትልቅ ስለሆንሽ በአንቺ አፍ ላይ ጣልነው።" ጥፍሩን ቆርጣ በመዳፏ ያዘችው። "ግዢው ስትይኝ፣ በቃ እማዬን ፈቅዳ ሰጠችኝ ብዬ ያን ቀን ስንት እንዳለቀስኩ! እንዴት ያለ ልብ አላት ብዬ።"

የያዝኩትን የእማዬን ጋቢ ጫፍ አጥብቄ ጨበጥኩት። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሻጩ አይናገሩም። ቄጤማው ተጠርጎ ተጥሏል። ዝም ማለት ግን አቃተኝ፤ ደግነት ሆኖ አይደለም፣ "እንዴት ያለ ልብ አላት" ያለችውን ሙገሳ መቀበል ስላልቻልኩ ነው።

"አይቼው ነበር" አልኩ።

"ምኑን?"

"ቀርከሃውን። ያን ቀን። በዚያ ክፍል ወለሉን ሰንጥቆ ወጥቶ ነበር። ቄጤማውን ገልጬ አየሁትና መልሼ ሸፈንኩት።"

መቁረጫው ቆመ። እማዬ ጆሮዋ ደክሟል፤ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ ታያለች።

"ለምን?" አለች እህቴ። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"ይሰለችሻል ብዬ። እማዬን ትመልሽልኛለሽ ብዬ።"

እንድትጮህ ጠበቅኩ። እንድትሰድበኝ፣ እንድትመታኝ ፈለግኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የቀሩትን ሁለት ጥፍሮች ጨረሰች። የእማዬን እግር ቀስ አድርጋ አልጋው ላይ መለሰች፣ ብርድ ልብሱን አለበሰችው፣ በመዳፏ የያዘችውን ቁርጥራጭ ሄዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለች። ከዚያ ተመልሳ አልጋው ግርጌ ቆመች።

"እንግዲያው ውሰጃት" አለች።

"እህቴ..."

"ውሰጃታ! ይቺውልሽ። ማን ያዘሽ?"

እማዬ ሁለታችንም ቆመን እሷን ስናያት ልናነሳት መሰላት። ሁለቱንም እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። ጎንበስ ብዬ በብብቷ ስር ያዝኳት። ክብደት የላትም። ከትራሷ ትንሽ ከፍ ሳደርጋት ፊቷ ጭምድድ አለና "ቀስ! ቀስ በይ ልጄ!" ብላ ቃተተች፤ ጣቶቿ ትከሻዬ ላይ ተሰኩ። እህቴ እጇን አጣምራ ታየኛለች፤ ልትረዳኝ አልተንቀሳቀሰችም። እማዬን እንደያዝኳት ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ትራሷን አስተካክዬ መልሼ አስተኛኋት።